በሕመምተኛ ስም የተዘጋ ደም

ጥር 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለአውራጃው አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት
መካነ ሰላም

አመልካች፦ ወ/ሮ እንቁ አድማሴ፣ የሟች የአቶ ንጉሡ አራጌ ባለቤት
አድራሻ፦ ወግዲ

ጉዳዩ፦ የባለቤቴ ገዳይ ሳይፈለግ ደሙ በታመመ ወንድሙ ላይ ተጭኖ መዝገቡ ስለተዘጋ፣ አሁን ደግሞ ገዳያቸው ያልታወቀ የሌሎች ሰዎች ደም በዚሁ ሕመምተኛ ላይ እየተጨመረ ስለሆነ፣ መዝገቦቹ እንደገና እንዲታዩና ሕመምተኛው በሐኪም እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ክቡር ጓድ አስተዳዳሪ፤

ከእርስዎ በፊት በዚህ ወንበር ለነበሩት ሹሞች "ክቡር" እያልሁ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም። አሁን "ጓድ" ነው የሚባለው ብሎ ጸሐፊው ስለመከረኝ ሁለቱንም አስጽፌያለሁ፤ በየትኛው እንደሚሰሙኝ አላውቅም። እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ እየተናገርሁ ነው የሚጻፈው። ጸሐፊው በየመሀሉ "ይህማ ለመሥሪያ ቤት አይባልም" እያለ ቢከራከረኝም እንዳለ ጻፈው ብዬዋለሁ። ስለዚህ የሚያስከፋ ቃል ቢገኝበት ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

1. ባለቤቴ ንጉሡ አራጌ በሰኔ ወር 1966 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ወደ ቤቱ ሲመለስ ወንዝ መሻገሪያው ላይ በጥይት ተገድሏል። ጥይቱ በጀርባው ገብቶ በደረቱ ወጥቷል። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምናገረው፤ ጋቢውን የገለጥሁት እኔ ነኝ። ሬሳውን የገነዙት ሰዎችም አሉ። አልሞቱም፣ አልተሰደዱም፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

2. ንጉሡ ወደ ከተማ የወጣው ሊከስ ነበር። በዚያ የረኀብ ዘመን ሕዝቡ ቅጠል እየቀቀለ ሳለ፣ ለእኛ ተብሎ የመጣው የእርዳታ እህል በገበያ ሲሸጥ በዓይኑ አይቷል። እኔ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብዬ ለምኜው ነበር። እሱ ግን ንጉሥ ሳይሆን ሌባ ነው የምከሰው ብሎ ሄደ። ሄዶ ተናገረ፤ ሲመለስ ተገደለ። ማን እንደገደለው አላውቅም። በሰፈራችን ጠመንጃ የነበረው ማን እንደሆነ ግን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስም አልጠራም፤ ስም ማውጣት የመርማሪ ሥራ ነው፤ እኔም የምለምነው መርማሪ እንዲመጣ ነው። ያለ ማስረጃ ጣት መቀሰር ምን እንደሚያደርስ በቤቴ አይቼዋለሁ።

3. ፈንታው አራጌ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። በ1965 ዓ.ም. ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እህል ፍለጋ በደሴ መንገድ ወጣ፤ ከተማው ሳይደርስ ሁሉንም በየመንገዱ ቀብሮ ብቻውን ተመለሰ። መጀመሪያ "ልጆቼን የገደልኋቸው እኔ ነኝ፤ ይዣቸው ባልወጣ ኖሮ" ይል ነበር፤ ሐዘን ነው አልን። ቆይቶ የጎረቤት በሬ ሲሞት "እኔ ነኝ" አለ። ዝናቡ ሲቀር "ያስቀረሁት እኔ ነኝ" እያለ በየሰው ደጅ እየዞረ ይቅርታ ይለምን ጀመር። ጠበል ወሰድነው፣ አልሻለውም። እስላም ጎረቤቶቻችን ዱዓ አደረጉለት፣ አልሻለውም። ሰው ግማሹ ሳቀበት፣ ግማሹ ልክፍት ነው ብሎ ሸሸው፤ ታሟል ያለ ግን አልነበረም። ራሱን ሊጥል ሲል ከገደል አፋፍ ይዘን ከመለስነው በኋላ ሰፈሩ መክሮ እግሩ በሰንሰለት ከቤታችን ምሰሶ ጋር ታሰረ። እኔና ንጉሡ አንጀታችን አልችል ብሎ እንዳንፈታው፣ የሰንሰለቱን ቁልፍ ጎረቤታችን አቶ ጀብሪል እንዲይዙት ተደረገ። ንጉሡ የተገደለ ዕለት ፈንታው እዚያው ምሰሶ ላይ እንደታሰረ ነው የዋለው። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ያሰሩት ራሳቸው ናቸው።

4. ገዳይ ሲጠፋ በአገራችን አውጫጭኝ ይቀመጣል። ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ከሆኑ ላስረዳ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ወጥቶ በጥበቃ ይውላል፤ ወንጀለኛው ካልወጣ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። የሚጠቁመው ደግሞ "ወፍ" ይባላል፤ ስሙ አይጠራም፣ ለሽማግሌ ጆሮ ብቻ ይናገራል። ለንጉሡ ደም አውጫጭኙ እንደተቀመጠ ዝናብ ጣለ። ያንን ዝናብ ምን ያህል ለምነነው ነበር! በየቤቱ ከልጅ አፍ ተደብቆ የተረፈ ዘር አለ፤ መሬቱ ርሷል፤ ወንዱ ሁሉ ግን ሜዳ ላይ ተቀምጦ ማሳውን በሩቁ ያያል። አንድ ቀን ታገሡ። በማግሥቱ ወፍ ተናገረ፤ ገዳዩ ፈንታው ነው ተባለ።

5. ለምን ፈንታው ይሉኝ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢጠራ ደም መላሽ ይነሣል፣ ካሳ ይጠየቃል፣ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ወንድም ወንድሙን ገደለ ከተባለ ግን የሚበቀልም የለ፣ የሚክስም የለ። ሽማግሌው አቶ ክንፈ ወደ እኔ መጥተው፣ "እንቁ ልጄ፣ ደሙ ከቤት አልወጣም። እሱ እንደሁ የለም፣ ካበደ ቆየ። ሕዝቡ ዘሩን ይዝራበት" አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲናገሩ እንባ በዓይናቸው ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሄደው ዘሩ። የዚያ ዓመት አዝመራ ጥሩ ነበር፤ እኔም በልቻለሁ።

6. ፈንታው ፍርድ ቤት ቀረበ። ገድለሃል ወይ ተባለ፤ አዎ አለ። በጥይት ነው? አዎ። በድንጋይ ነው? አዎ። ጠመንጃ ስላልተገኘበት በድንጋይ ተብሎ ተጻፈ፤ የባለቤቴን ደረት ያየሁት እኔ ግን አልተጠየቅሁም። ከሕዝቡ መካከል ተነሥቼ "ጌታዬ፣ ዝናቡንስ ማን እንዳስቀረው ይጠይቁልኝ" ብዬ ለመንሁ። ዳኛው ጠየቁት። "እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፤ ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ግድያው ተጻፈ፣ ዝናቡ ተተወ። እስከ ዛሬ የማይገባኝ ይህ ነው። አንድ ሰው በአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን፣ ስለ ዝናብ ሲናገር እብድ፣ ስለ ሰው ነፍስ ሲናገር ጤነኛ የሚሆነው እንዴት ነው? ሐኪም ይየው ብል "እብድ አይዋሽም" ተባልሁ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

7. ለውጡ ከመጣ በኋላ የእስረኞችን ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ መጥቶ ነበር። የለሁበትም ያለው ሁሉ ጉዳዩ ታየለት፤ ብዙውም ወጣ። ከወጡት አንዳንዶቹ ምን እንዳደረጉ እናውቃለን፤ በገበያ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ፈንታው ሲጠየቅ "ገድያለሁ" አለ። እውነቱን በመናገሩ ተመስግኖ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የዋሸ ወጣ፣ የታመመ ቀረ።

8. ይህም አልበቃም። ባለፈው ዓመት ገዳያቸው ያልተገኘ የቆዩ የነፍስ ግድያ መዝገቦች ተመርምረው እልባት ያግኙ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ስሰማ ደስ አለኝ፤ የንጉሡም ይከፈታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። መርማሪዎቹ ግን ወደ ወንዙ መሻገሪያ አልመጡም፤ ወደ እስር ቤቱ ሄዱ። ለሁሉም ነገር አዎ የሚል ሰው እዚያ እንዳለ ሰምተው ኖሯል። በአጅባር መንገድ የተገደለውን የከብት ነጋዴ አንተ ነህ? አዎ። ወግዲ ገደል ሥር ሞታ የተገኘችውን ሴትስ? አዎ። ፈንታው አጅባርን ረግጦት አያውቅም። ነጋዴው ተገደለ በተባለበት በ1958 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን የንጉሡ ሚዜ ሆኖ እኔን ከአባቴ ቤት ሊያመጣ በቅሎዬን እየሳበ ነበር። ሠርገኛው ሁሉ ያየው፣ በጨዋታው ሰውን ሁሉ ያፈዘዘ ልጅ ነበር። ይህን ጸሐፊው አውጣው ብሎኛል፤ አይወጣም፤ ምስክርነት ነው። አሁን በእነዚህ ሁሉ ደም ተከሶ በሞት ሊፈረድበት እንደሆነ ሰምቻለሁ። መዝገብ እልባት አገኘ ማለት ይህ ከሆነ፣ በዚህ አውራጃ ነፍስ ያጠፋ ሁሉ እንቅልፉን ይተኛ፤ ፈንታው አለለት።

9. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ሰፈራችን የመጣች ሀጀራ የምትባል የነርስ ተማሪ አብራኝ ሄዳ አይታው ነበር። እብደትም ልክፍትም አላለችውም። የአእምሮ ሕመም ነው፤ ከባድ ሐዘን ሰብሮት የሰውን ጥፋት ሁሉ በራሱ ላይ የሚጭን ሕመምተኛ አለ፤ ሐኪምና መድኃኒትም አለው አለችኝ። "እንዲህ ያለን ሰው ጠይቆ መፍረድ በተሰበረ ሚዛን መመዘን ነው፤ የጫኑበትን ሁሉ ያነሣል" አለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እግሩን ያመመው ሰው ሲያነክስ እናዝናለን፤ አእምሮውን ያመመው ሲናገር እንስቃለን፣ ወይም እናስራለን፣ ወይም እንደ ፈንታው ያስፈለገንን እናስፈርመዋለን። ዘመቻው ሲያበቃ ልጅቷ ሄደች፤ ፈንታውን እንዲያይ የመጣ ሌላ ባለሙያ የለም።

10. አቶ ጀብሪል በሕይወት አሉ። "ወላሂ፣ ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም። የጠየቀኝ ቢኖር እናገር ነበር" ይላሉ። በአውጫጭኙ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠይቄያቸው፣ እሳቸውም የሚዘሩት ዘር እንደነበራቸው ነገሩኝ። ዛሬ ግን በቁርኣን ምለው ለመመስከር ፈቅደዋል። ጉልበታቸው ደክሟልና ሳይመሽባቸው ይጠሩልኝ።

ስለዚህ ክቡር ጓድ አስተዳዳሪ፣ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው፦

ሀ) ፈንታው አራጌ ወደ አእምሮ ሐኪም ተልኮ እንዲመረመር፣ እስከዚያውም አዲሱ ክስ እንዲቆም፤ ሐኪሙ ሳያየው የሰጠው ቃል ሁሉ በማስረጃነት እንዳይያዝበት፤

ለ) የባለቤቴ መዝገብ ተከፍቶ እኔ፣ አቶ ጀብሪልና ሬሳውን የገነዙት ሰዎች ቃላችንን እንድንሰጥ፣ በዚያ ዘመን ጠመንጃ የነበራቸውም እንዲጠየቁ። አውጫጭኝ ግን እንዳይቀመጥብን፤ በዚያ የሚገኘው ምን ዓይነት እውነት እንደሆነ አይተነዋል፤

ሐ) የአጅባሩ ነጋዴና የወግዲዋ ሴት ቤተሰቦችም የእኔን ያህል ገዳያቸውን የማወቅ መብት ስላላቸው፣ የእነሱም መዝገብ በሕመምተኛ አፍ እንዳይዘጋ።

ገዳዩ ተፈልጎ ካልተገኘም አልተገኘም ተብሎ ይጻፍልኝ። አልተገኘም የሚለውን እችለዋለሁ፤ ያልገደለ ተገኘ የሚለውን ግን አልችልም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ይበቃል ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር። አንድ ነገር ይቀራል ብዬ መልሼ አስነሥቼዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ስንቅ ይዤ ፈንታውን ልጠይቅ ሄድሁ። ከስቷል። ስንቁን ተቀብሎ፣ "እትዬ እንቁ፣ ወንድምዓለም ምነው ሳይጠይቀኝ ቀረ? ተቀይሞኝ ነው?" አለኝ። ወንድምዓለም የሚለው ንጉሡን ነው። ንጉሡ የሞተ ጊዜ፣ ሕመምተኛ ነው፣ ይህን አይችልም ብለን ሬሳውን ከወንዙ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር የወሰድነው። ለቅሶውንም በአባቴ ቤት ተቀምጠናል። ከዚያ ወዲያ ገድለሃል ያለው እንጂ ወንድምህ ሞቷል ብሎ አስቀምጦ ያረዳው ሰው የለም። አዎ ያለው ሁሉ ለጥያቄያችሁ አልነበረም፤ ለሕመሙ ነበር።

እኔ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬው ወጣሁ። መርዶውን ልነግረው አልቻልሁም። ወንድሙን ገድሏል ብሎ የፈረደበት ክፍል ይምጣና እሱው ያርዳው፤ ፊቱንም ቆሞ ይይ፤ ከዚያ በኋላ ገዳይ ነው ካለ እኔም ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም።

ከመራራ ሐዘንና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

እንቁ አድማሴ
(የአውራ ጣት አሻራ)