ለአመተሥላሴ ምስጋና እልል ያልሁ ዕለት

ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ ለሰርካለም ወልደ አማኑኤል፤ ካለሽበት ኩዌት ድረስ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ አሁንም ያምሻል ወይስ ተሻለሽ? የቤቱ እመቤት በጊዜ ታስተኛሽ ጀመር? የአገሩ ሐሩርስ በረድ ብሎልሽ ይሆን? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንሁም። ልጄ ማዕረግ ደኅና ናት፣ አማቴ እማማ ጥሩሸዋ ደኅና ናቸው፣ ገብሱም ዘንድሮ መልካም ይዟል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይችን "ይመስገን" የምትል ቃል ስጽፍ እጄ ቆም ይላል። ደብዳቤውን ያጻፈችኝም እሷው ናት። በስልክ ጀምሬልሽ ነበር፤ መስመሩ እየተቆራረጠ "ማን እልል አለ? ማን ወለደ?" ስትይኝ ጊዜ ተውሁት። አሁን የጎረቤታችን የአወቀ ልጅ ወደዚያው ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሻለሁ።

ወዳጆ ከሞተ ወዲህ እንዴት እንደ ሆንሁ አንቺ አላየሽም። ባሌ ሲቀበር ባሕር ማዶ ነበርሽ፤ የነገሩሽም መኪናው መገልበጡን ብቻ ነው። በግ ጭነው ወደ መርሐቤቴ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። ወዳጆ ሞተ፤ ሾፌሩ በኃይሉ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰው ጥፋት አይደለም አሉ፣ እርቅም ወረደ። እርቁ ግን ከአፍ አላለፈም። እማማ ጥሩሸዋ በኃይሉ ካለበት ሠርግም ለቅሶም አይቆሙም። ሚስቱ አመተሥላሴ፣ ያቺ ከእኛ ጋር ውኃ እየቀዳች ያደገችው፣ ገና ከሩቅ ስታየኝ መንገድ ትለውጣለች። እኔም እለውጥ ነበር።

ድምፄን ታውቂዋለሽ። መዝሙር የማነሣው፣ ታቦት ሲወጣ እልልታውን የምጀምረው እኔ ነበርሁ። ከቀብሩ ወዲህ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ቅዳሴ እቆማለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። ሰዉ ኀዘን ነው ብሎ ተወኝ፤ እኔም ተውሁት።

በፍልሰታ የሰበካችን ሴቶች ተሰባስበው ሱባኤ እንግባ ሲሉ አልሄድም ብዬ ነበር። የገፋፉኝ እማማ ናቸው፤ "ሂጂና ለልጄ ነፍስ ለምኝልኝ" አሉኝ። በሶዬን ቋጥሬ፣ የሱፍ ባናዬን ደርቤ ተነሣሁ። የጓሳን ሜዳ ስናቋርጥ ጉሙ ከፊት ያለችውን ሴት እንኳ አያሳይም፤ በድምፅ እየተጠራራን አለፍን። ከራቤል ከተማ ወዲያ ካለች አንዲት ትንሽ ደብር ደረስንና በሰንበቴው ቤት አረፍን። አመተሥላሴም አብራን መምጣቷን ያወቅሁት እዚያ፣ ሁላችንም የራሰ ነጠላችንን ስንገልጥ ነው። ልመለስ አሰብሁና ሰው ምን ይለኛል ብዬ ቀረሁ።

ሱባኤውን የሚመሩት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ መነኩሲት ናቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሁሉም ለመስማት ጎንበስ ይላል። "ልጆቼ፣ ዓመቱን ሙሉ ስትለምኑ ከረማችሁ" አሉን። "እዚህ ስትሆኑ ማንም ምንም እንዳይለምን። ውዳሴ ማርያም ከደገምን በኋላ አንዳንዳችሁ ቆማችሁ ስለ አንድ ነገር ታመሰግናላችሁ፤ ሌሎቻችን እልል እንላለን። ከዚህ ሌላ ሥራ የለንም።" እኔ በሆዴ ተቆጣሁ። አማቴ ለምኝ ብለው ልከውኛል፣ እኚህ ደግሞ ልመና ይከለክላሉ። ደግሞስ እኔ ስለ ምን ላመስግን?

ሴቶቹ እየተነሡ አመሰገኑ። አንዷ ላሟ በደኅና ስለ ወለደችላት፣ አንዷ ባሏ መጠጥ ስለ ተወላት። አንዲት አሮጊትም "ጥርሴ አልቆ ቆሎ ቢያቅተኝ በሶ ስላላሳጣኝ" ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እኔ ጋ ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ። እማሆይ አላስገደዱኝም፤ በማግሥቱም አለፉኝ።

አንድ ጠዋት አመተሥላሴ ተነሣች። ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባለች። ቆማም፣ "እኔ በሰው ፊት አመስግኜ አላውቅም፤ አፍሬ ነው" አለች። "የእኔ ባል ከሞት ተረፈልኝ። የሌላዋ ባል አልተረፈም። እሷ እየሰማች እንዴት አፌን ሞልቼ ተመስገን እላለሁ? በገዛ ቤቴ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምለው። ይቅርታ እንዳልለምናት እማሆይ ልመና ከልክለውናል። እንግዲህ ምን ላድርግ፤ በኃይሉን ስላተረፈልኝ እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ተቀመጠች።

ማንም እልል አላለም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። እታለም፣ እኔ ተነሥቼ ልወጣ ነበር፤ ባናዬንም ሰብስቤ ይዤ ነበር። የወጣው ግን እልልታ ነው። ከየት እንደ መጣ አላውቅም። የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ጎኔ ያለችው ሴት ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ስትይዘኝ ነው። ሴቶቹ ተከተሉኝ፣ ከበሮ ተመታ፤ መዝሙሩንም ያነሣሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል። እንባዬ ይወርዳል፣ እጄ ያጨበጭባል፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። አመተሥላሴ መጥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል አነሣኋት፤ ተያይዘን ስንዘምር ቆየን። የዚያን ለት በሶው ጣፈጠኝ። እህል ከጣፈጠኝ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እማማ ጥሩሸዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። ቀና ሳይሉ፣ "በልጄ ሞት እልል ተባለ አሉ። እውነት ነው?" አሉኝ።

"እልል ማለቴ እውነት ነው እማማ። በእሱ ሞት ግን አይደለም" አልኋቸው።

"ታዲያ በምን?"

"እንጃ።"

"እኔ የላክሁሽ እንድትለምኚለት ነበር" አሉና መፍተላቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግባቸውን ለብቻ እንዳቀርብላቸው አደረጉ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ግራ የገባኝ ይኸው ነው። ደስ ካለኝ ወዳጆን ረሳሁት ማለት ነው? ካልረሳሁትስ ለምን ደስ አለኝ? በኃይሉን ይቅር ብዬው ይሆን? ይቅር ልበለው ብዬ አስቤ አላውቅም። አፌ ቀድሞ ሄደ፤ ልቤ ገና መንገድ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን አረም ስነቅል መዝሙሩ ሳላስበው ይወጣልኛል፤ አንዳንድ ቀን ጉሮሮዬ እንደ ቀድሞው ይዘጋል፤ እንዲያውም እልል ባላልሁ ኖሮ እላለሁ። የንስሐ አባቴን አባ መልከ ጼዴቅን ብጠይቃቸው፣ "ዳዊት ልጁ ሲሞት ከመሬት ተነሥቶ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔርም ቤት ገብቶ ሰገደ። አገልጋዮቹ ግራ ገባቸው። አንቺንም ምን ነካት ቢሉሽ አዲስ አይደለም" አሉኝ። ታዲያ የኔው ጸጋ ነው ወይስ ስሕተት ብላቸው፣ "እሱን እኔም አላውቅ፤ ፍሬውን ጠብቂ" ብለው ባረኩኝ። የባሰ ግራ ገብቶኝ ተመለስሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በኃይሉ በትሩን ተደግፎ በር አጠገብ ቆሟል። እማማ ሁልጊዜ በዚያኛው በር ነበር የሚወጡት፤ ያን ቀን ግን ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሄዱ። "አንተ በኃይሉ፣ ልጄ በመጨረሻው ምን አለ?" አሉት።

እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። በኃይሉ መሬት መሬት እያየ፣ "ወዲያው አላረፈም፣ እማማ" አላቸው። "እጄን ይዞ፣ 'እናቴ በድንገት እንዳትሰማ፤ ቀስ ብላችሁ ንገሯት' አለኝ። ከዚያ እኔም ራሴን ሳትሁ። ስነቃ እርስዎ ሰምተው፣ እሱም ተቀብሮ ቆየኝ። አደራውን በላሁት ብዬ ነው ዐይንዎን ማየት ያቃተኝ።"

እማማ፣ "በል፣ አሁን ቀስ ብለህ ነገርኸኝ" አሉትና ክንዱን ጨበጥ አድርገው አለፉ። ወዳጆ ስለ እኔ ያለው ነገር ይኖር እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ። ገናም አልጠየቅሁትም።

ቤት ስንገባ እራቱን ለብቻ ላቀርብላቸው ስል፣ "አብረን እንብላ" አሉ። በልተን ካበቃን በኋላ፣ "እስቲ ያን እዚያ ያላችሁትን መዝሙር በይልኝ" አሉኝ። ጀመርሁ። ማዕረግም በዝግታ ታጨበጭብ ጀመር። መሀል ላይ ስደርስ እማማ እጃቸውን አነሡ። "ይብቃ። ዛሬ የምችለው እዚህ ድረስ ነው" አሉ። አቆምሁ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። የቀረውን መቼ እንደሚሰሙኝ አላውቅም፤ እኔም እስከ መጨረሻው መዝለቄን አላውቅም።

አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ስታይው ምን ይመስልሻል? ወዳጆን ታውቂው ነበርና ይቆጣኝ ነበር ወይስ ይስቅ ነበር፣ እንደ መሰለሽ ጻፊልኝ። ላስደስታት ብለሽ እንዳትዋሺኝ።

አባባ ወልደ አማኑኤል ዐይናቸው ቢደክምም ዳዊታቸውን በቃል ይደግማሉ፤ በጸሎታቸው አንቺን ሳይጠሩ አይውሉም። ማዕረግ ጉልበትሽን ትስማለች፤ ፎቶሽን ደብተሯ ላይ ለጥፋለች። እማማ ጥሩሸዋ "ብርድ ባለበት ብትሆን ባና እልክላት ነበር" ብለውሻል። አመተሥላሴ ናፍቃሻለች። በኃይሉም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ ያልላከልሽ አፍሮ ነው።

የምትወድሽ እኅትሽ ጌታነሽ
ከዘመሮ፣ መንዝ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.