ከከበሮው ልብስ ውስጥ የወደቀው ትኬት

አንዳርጋቸው፣

ከሐሙሲት ስትመለስ ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለልህ፤ አሙቀህ ብላ። ጨው በዝቶበታል፣ ይቅርታ።
ውኃ ከመጣ ጀሪካኑን ሙላ። አንድ ቀን እንኳ አንተ ሙላው።

ከበሮህን ይዤ ወደ ስታዲየም ሄጃለሁ። ለዛሬው ጨዋታ ይጽዳ ብዬ ልብሱን ሳወልቅለት የክቡር ትሪቡን ትኬት ወደቀ። የዛሬው ነው።

ትኬት ሲወደድ «በዚህ ዋጋ የሚገባ ከሀዲ ነው» ብለህ ደጋፊውን ሁሉ ያስማልኸው አንተ ነህ። ባለፈው ጨዋታ ጋሽ ቡርሀን፣ ያ ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ፣ ልጃቸውን ሱምያን ይዘው ሊገቡ ሲሉ በር ላይ ከበሮ እየመታህ «ሆዳም ቡርሀን! ሆዳም ቡርሀን!» ያስባልህባቸውም አንተው ነህ። ልጅቱ እያለቀሰች ተመለሱ።
እኔም አብሬ ጨፍሬያለሁ። እሱን ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ እንጂ ለአንተ የምለው የለኝም።

ትኬትህን ለጋሽ ቡርሀን እሰጣቸዋለሁ። ከየት እንዳገኘሁት ደግሞ በር ላይ ለቆመው ደጋፊ ሁሉ እነግራለሁ።

ስትወጣ ቁልፉን ለእትዬ አገርነሽ ስጥ፤ ባለፈው ይዘኸው ሄደህ ደጅ አድሬያለሁ።

መምጣትህን እንዳትተው። እንዲያውም ቶሎ ና። ከበሮው ከሩቅ ይሰማሃል፤ ዜማውንም ታውቀዋለህ፣ ያንተው ነው። ስሙን ብቻ ቀይረነዋል።

ግሩም