የበግ ሞራ፣ የዓይን ሞራ

ሰኞ፣ ጥቅ. 4፣ ጠዋት
ጺሜን ስላጭ ዛሬም አገጬን ቆረጥኩ። መስታወቱ ነው የደበዘዘው። ልጄ ሐዋ ከኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካዋ ደወለች። ዓይኔን ያየችውን የደሴዋን ነርስ ቃል ትደግማለች፤ የዓይን ሞራ ነው፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄደው ይገፈፍልዎ። እምቢ! አንተ ደብተር፣ ሞራ ምን እንደሆነ ለኔ ይነገረኛል? ሞራ የበግ ነው። ጨጓራና አንጀት የሚያለብስ፣ እንደ ሻሽ የሳሳ፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት ስሩ የሚነበብ። አባቴም እኔም ሞራ ገላጭ፣ ከስሩ የሰው ዕጣ የምናነብ። የዓይኑ ስሙን የተዋሰው ከአራጅ ነው፣ ይል ነበር አባቴ። የተዋሰ ይመልስ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 5
ጎረቤቴ ዘሐራ በጓን አረደች። ያለቻት እሷው ናት። ልጇ ሙና በባቲ አድርጋ በበረሃው አረብ አገር ልትሻገር ነው። ደላላው ዓርብ ንጋት ብሏል። ሰፈሩ ተሰብስቧል። ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። ጭጋግ። አጠጋሁት፣ አራቅሁት። ጭጋግ። ስር የለ፣ ነጥብ የለ። ዘሐራ ትንፋሿን ይዛ፣ "ጋሼ፣ ምን ይላል?" አብሽሪ፣ መንገዱ ክፍት ነው አልኩ። እልል አሉ። ድርሻዬን ስጋ ሳልቀምስ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ 6
ሙና መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ፈርታ ነበር አሉ፤ የኔን ቃል ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔን አልወሰደኝም። አላየሁም ማለት ምን ይከብዳል? ይከብዳል እንጂ! የአባቴ ስም አለ። ደግሞስ ክፍት ቢሆን? ማን ያውቃል። እኔም አላውቅም፤ ጉዱ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ 7፣ ማምሻ
ሐዋ መጣች፤ መንገድ ላይ ዘሐራ ሁሉን ነግራታለች። ገና ከበር፣ "አባባ፣ ሹራብዎን ገልብጠው ነው የለበሱት!" ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። "ማክሰኞ ያንን ሞራ በየትኛው ዓይንዎ አዩት?" ዝም በይ አልኳት። "ሙና እኮ በርስዎ አፍ ነው የምትሄደው!" ጮህኩባት። ጮኼ ስጨርስ ሹራቤን አውልቄ አስተካክዬ ለበስኩ።
ወላሂ፣ ማክሰኞ ያየሁት የበጉን አይደለም። የራሴን ነው።

እዚያው ማምሻ
ሰፈር በተሰበሰበበት ተናገርኩ፤ ሰፈር በተሰበሰበበት አላየሁም ብዬ ቃሌን አነሳለሁ። ሐዋን ሁሉንም ዘሐራ ቤት ጥሪ ብዬ ላክኋት። ጠርታ ተመለሰች። ይሳቁ። ሙና ትሂድም ትቅርም የራሷ ጉዳይ፤ በኔ ቃል ግን አትሄድም። ቦሩ ሜዳም ቅዳሜ። ሐዋ አሁን እስከ ዘሐራ ቤት ልምራዎት ትላለች። እምቢ። ዱላ አለኝ። ደጁ ጨለም ብሏል። እሺ አልኳት፣ እስከ ደረጃው ብቻ፤ ከዚያ እጄን ትለቂያለሽ።