ፓፒያ ቃል የገባችው ነጭ ውሃ

ሽራቦን ወር፣ 19

ዝናብ። ክሩ አልደርቅ አለኝ። ለነገው ድር ማጠንከሪያ የሩዝ ሙቅ ጥጄ ሳለ ስልክ ጮኸ። ከዳካ ነው። ፓፒያ ለመምህራን ሥልጠና ከሄደች ሳምንቷ... በቀደም እንኳ "ትኩሳት ነው እማ፣ አትስጊ" ብላኝ ነበር። አሁን ግን የማላውቀው የወንድ ድምፅ። ሌሊቱን ሕይወቷ አልፏል አለኝ።

ሙቁ አረረ። ማን እንዳወረደው አላውቅም።

ሽራቦን 20

ቀበርናት።

ቀጣዩ ወር፣ ባድሮ 2

ቦርሳዋ መጣ። ልብሶቿ፣ ማበጠሪያዋ... ሁለት እሽግ የበቆሎ ስታርች። ስታርች ለምኗ ነው? ሸማኔ ቤት የክር ማጠንከሪያ ይታጣል?

የጎረቤቴ የሶኪና ልጅ ጁሌኻ መጣች። አራተኛ ክፍል ናት፣ ልጆቹ አፓ፣ ታላቅ እህት፣ የሚሏት የፓፒያ ተማሪ። እሽጉን ስታይ ጮኸች።

"እማማ፣ የኛ ነው! አፓ ስመለስ አሳያችኋለሁ ብላን ነበር!"

"ምኑን?"

"ሲመቱት የሚደነድን፣ ሲዳብሱት የሚፈስ ውሃ!"

"ሂጂ ወዲያ፣ ቀጣፊ።"

"ወላሂ!"

ቃል ገብታላቸዋለች ማለት ነው። የልጄ ቃል ሜዳ ላይ ይቅር?

ባድሮ 5

ርዕሰ መምህሩ "ይምጡ እንጂ እናቴ" ስላለኝ የልጄን ቃል ልፈጽም ትምህርት ቤት ሄድኩ። አንዱን እሽግ እንደ ክር ሙቅ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በድስት ይዤ። ሌላ ምን አውቃለሁ? እኛ መንደር ያልበሰለ ስታርች ምን ያደርጋል?

ልጆቹ መቱት። ጭልቅ! ፊታቸው ላይ ተረጨ።

"እማማ፣ ስኳር ረስተሻል!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጁሌኻ ብቻ አለቀሰች። "አፓ እኮ አብስሉት አላለችም..."

ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሲበስል ቅንጣቶቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። ያኔ ሲያማስሉት ይብሱን ይቀጥናል። እውነቱን ነው፣ የኔም የክር ሙቅ እንዲያ ነው። የፓፒያው ግን ጥሬ ነው፣ በቀዝቃዛ ውሃ።

አንዱን አባከንኩት። በገዛ እጇ የገዛችውን...

ባድሮ 6

የቀረውን እሽግ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩ። ሶኪና "ሌላ ከሱቅ እንግዛ፣ ይሄን ደብቂው" አለችኝ። ልክ ናት? ከከፈትኩት ከዳካ የገዛችው ነገር ያልቃል። ቢበላሽብኝስ?

ባድሮ 8

የገዛችው ለኔ አይደለም። ለነሱ ነው።

ባድሮ 9

ከፈትኩት።

ክፍላቸው ውስጥ፣ ዱቄቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁ። ጁሌኻ አዛዥ ሆነች። "በቃ! አይ፣ ትንሽ ጨምሪ... በቃ አልኩሽ እማማ!" ከዚያ ጡጫዋን ሰንዝራ መታችው። ጠብታ እንኳ አልተረጨም! እጇን እንደ ጠረጴዛ መለሰው። ቀጥላ ጣቷን ቀስ ብላ አስገባች። ሰመጠ። ልጆቹ እልል አሉ።

ርዕሰ መምህሩ "ለምን?" አላቸው።

ጁሌኻ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ቆመች። "ከኢድ በፊት ያለውን የጀልባ ወደብ አስቡ። ሰው ቀስ ሲል አንዱ ለሌላው መንገድ ይለቃል። ሁሉም ባንዴ ሲጋፋ ግን ይጣበቃል፣ ማንም አያልፍም። የስታርቹ ቅንጣቶችም እንዲሁ። ስንመታቸው በመሃላቸው ያለው ውሃ ማምለጫ ጊዜ ያጣል።"

ቃሉ የፓፒያ ነው። አቋቋሟ ራሱ... አንገቴን ደፋሁ።

"ኒውተን የሚባል ሰው ፈሳሾች የሚያከብሩትን ሕግ ጻፈ" አለ ርዕሰ መምህሩ። "ውሃ ብትመቱትም ብትዳብሱትም ያው ነው፣ ሕጉን ያከብራል። ይሄ ግን እምቢ ብሏል። ኒውተናዊ ያልሆነ ፈሳሽ ነው።"

"እንደ ጁሌኻ!" አለ አንዱ ከኋላ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስልክ ወዲህ የመጀመሪያዬ።

"አንቺም እማማ!" እጄን ጎትተው አስገቡኝ። ቀዝቃዛ ነው። ላወጣው ስል ጨምድዶ ያዘኝ። "አትታገዪው! ቀስ ብለሽ!" ቀስ አልኩ። ለቀቀኝ።

ልጆቹ ሊታጠቡ ሲሮጡ ጁሌኻ አስቆመቻቸው። "መጀመሪያ ለአፓ ዱዓ!" ያ ሁሉ ነጭ እጅ ወደ ላይ ተነሳ፣ እየተንጠባጠበ። የኔም አብሮ።

ርዕሰ መምህሩ ሐሙስ ይመለሱ ብሎኛል፣ የክር ሙቁን ይዤ፣ የበሰለውንና የጥሬውን ልዩነት ለልጆቹ እንዳሳይ። እሄዳለሁ።

ይሄን ያገኘህ ሰው፣ ማንም ሁን፣ ለልጄ ለፓፒያ አንድ ጊዜ እጅህን አንሳላት። አላህ ይማራት በልልኝ። እጅህን ባትታጠብም ግድ የለም።