ከመርዶ የቀደመ ገጽ

ሰኞ፣ ኅዳር 2
የሰሊጥ ሎሪ ደጄ ላይ ሲያጓራ ዋለ። ቢሆንም ሠራሁ። እዚህ ሱዳን፣ የገዳሪፍ አበሻ የሚፈላለግበትን የኢንተርኔት ገጼን አደስኩ። ያለ አስተማሪ፣ በዚህ ዕድሜ... ልጆቹ ፌስቡክ ላይ ያገኙትን ይለጥፋሉ። የኔ ገጽ ሥርዓት አለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
የጎረቤታችን የሣህሊቱ ልጅ መልአኩ ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ ሞተ። እርሻ ሲያጠጣ እባብ ነድፎት። እናቱ አልሰማችም። ነገ ሳይነጋ ከጓደኛዬ ከጀማሉ ጋር ሄደን እናረዳታለን። መርዶ እንዲያ ነው፤ ጎኗ ሰው ተቀምጦ፣ ቀስ ተብሎ። እስከዚያ አፍ ሁሉ ይዘጋ ብያለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ተቀደምን! በማን? በኔው ገጽ! ስንደርስ መሬት ላይ ወድቃለች። ስልኳ ላይ የልጇ ፎቶ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»። ብቻዋን አየችው። ብቻዋን!
የላከችው ራዲያ ናት፣ የጀማሉ የልጅ ልጅ። ጮኽሁባት።
«ወላሂ ዓሚ ደጉ፣ አጎቴ፣ ለርስዎ ነው የላክሁት። ወሬ ሲኖር በገጹ ላኩልኝ አላሉም? አይተው የሚያወጡት መስሎኝ...»
«የኔ ገጽ ስህተት የለበትም!»
አለቀሰች። ታልቅስ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7
እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ጧት ገጹን ልሞክረው ብዬ «ደጉ አረፈ» የሚል ላክሁ። ወዲያው ወጣ። ማንም ሳያየው! ልሰርዘው ስል ኔትወርክ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ጀማሉ እየጮኸ ገባ።
«አለህ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»
«አለሁ! ምን ያስለቅስሃል?»
«ብትሞት ይሻልህ ነበር!» ዱላውን ወርውሮ ቁጭ አለ።
ጓደኛ እንዲህ ከሆነ... እናትስ?
በር የሌለው ቤት ሠርቼ የገባውን እሰድባለሁ። ደንቆሮ!

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18
ገጹን አስተካከልኩት። አሁን የተላከ ሁሉ ይቆያል፤ ሰው አይቶ ካልከፈተው አይወጣም። ራዲያን ጠርቼ አሳየኋት። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም... ገብቷት ይሆን?
የመልአኩ አርባ ካለፈ በኋላ ሣህሊቱ ዘንድ ሄድኩ። «ካልሽ እዘጋዋለሁ» አልኳት።
«ሰው በምን ይፈላለግ? ይልቅ መክፈቻውን ለኔ ስጠኝ።»
ሰጠኋት።
ዛሬ ከስደተኞች ሰፈሩ ከመንደር 8 አንድ ሞት ተላከ። የሟች እናት እዚሁ ገዳሪፍ ናት። ሣህሊቱ አልከፈተችውም። ደወለችልኝ።
«ሳይነጋ ና። ጀማሉንም ቀስቅሰው። ጎኗ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»