ጨው ያልነካው ከብሳ

እህቴ እትዬ ሙዲ፣

ከብሳው ድስቱ ውስጥ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ አሙቂና ሁለት ጭልፋ ሩዝ ብቻ አውጪ። የበጉን ጮማ ገፍፌልሻለሁ፤ ቲማቲሙንም ቀንሻለሁ። ጨው የለውም። ሄልና ቀረፋ ግን አልሰሰትኩብሽም።

ትናንት እንግዶቹ ፊት፣ "ሉልዋ የሆስፒታል ምግብ እያበላች ልትገድለኝ ነው" ስትዪ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ሩዝ ልሰፍር ስል ጆንያው ውስጥ የደበቅሽውን የሾርባ ቅመም አገኘሁት። ግማሹ አልቋል። እሱ እኮ ጨው ነው! እግሯ ለምን አበጠ እያልኩ ሐኪሙን ስጨቀጭቅ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ነበር።

ጥዬዋለሁ። አትፈልጊው።

የተኛሽበት ክፍል በር ላይ ቆሜ እንደጮህኩብሽ አውቃለሁ። "ስትሞቺ እንዳትጠሪኝ" ማለት አልነበረብኝም።

ልጄ ቤት የሄድኩ እንዳይመስልሽ። ቡረይዳ ከተማ፣ ሆስፒታል ነኝ። ኩላሊቴ ላንቺ ይስማማ እንደሆነ ዛሬ ይመረምሩኛል። ከተስማማ አንዱን እሰጥሻለሁ፤ ይህን ወስኛለሁ።

ማታ ስመለስ ግን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ በቀልድ እንዳታልፊኝ።

መኖር ትፈልጊያለሽ?

ሉልዋ