ሞተር ያጠብንበት ሳምንት

ሰኞ

አልነሳ አለ። ሃያ ጊዜ ረገጥኩት፣ ወይ ፍንክች። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከቆላው ቀበሌ ስመለስ ሞተር ሳይክሉ እስከ መቀመጫው ጭቃ በጭቃ ነበር። ገና ከመውረዴ፣ ትኩሳቱ ሳይበርድ፣ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅኩበት። ጨሰ፣ ከዚያ ዝም አለ።

አከራዬ እትዬ ሉባባ ከበራፋቸው ሆነው «አብሽሪ ልጄ፣ ሲደርቅ ይነሳል» አሉኝ። እስከ ሐሙስ ካልተነሳ የቆላው በጎች ክትባት ይቀራል። በጎቹ ደግሞ እየሞቱ ነው።

መካነ ሰላም በእንስሳት ሐኪምነት ከተመደብኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዛሬ ለሰው የተናገርኩት ሁሉ ይኸው፦ እንደምን አደራችሁ። በጉን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ደህና ዋሉ።

ማክሰኞ

ተነሳ! እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ በጨርቅ አደረቅሁት፤ ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ። ለማን ልንገር? ኩታበር እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ እህቴ ሰርግ ስታወራ ስታወራ ካርዴ አለቀ። ሳልነግራት።

ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ካቴናው ላይ ጭቃ ደርቆ ነበር። ሞተሩን በመቆሚያው አቁሜ፣ አስነስቼ፣ ማርሽ አስገባሁና የኋላው ጎማ በራሱ ይዞር ጀመር። ጨርቁን ካቴናው ላይ ላሳርፍ ስል ሰው ጮኸ። «እጅሽን!»

የእትዬ ሉባባ ልጅ ሰዓዳ ናት። በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ አጠፋችውና ቁልፉን ነጥቃኝ ክፍሏ ገባች።

ከሳውዲ ከተመለሰች አራት ወሯ ነው ይላሉ። አንድ ግቢ እየኖርን ድምጿን ስሰማ ዛሬ ገና ነው። ሰፈሩ «ነካ አድርጓታል» ይላል። እኔም ዛሬ አመንኩ። የመሥሪያ ቤት ቁልፍ እኮ ነው! በንዴት እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ረቡዕ

እትዬ ሉባባ ቁልፉን አመጡልኝ። «አውፍ በያት፣ አትቀየሚያት። ምን እንዳገኛት ለእኔም አልነገረችኝም።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ስላየሁ ምንም አይደል አልኩ። በሆዴ ግን አላልኩም።

ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ ሰዓዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁልጊዜ ከሻርፗ ሥር የምትደብቀውን ቀኝ እጇን አወጣች። የሁለት ጣቶቿ ጫፍ የለም።

«ካቴና ነው» አለች። እጇን መልሳ ሸፍና ገባች። ትናንት በልቤ ያልኳትን ሁሉ እያሰብኩ አፈርኩ።

ሐሙስ

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ልወጣ ስል ሰዓዳ ከመስኮቷ «ፍሬኑን ሞክሪ፣ ውሃ ገብቶበታል» አለችኝ። ሜዳው ላይ ሞከርኩት። አልያዘም! ቀስ ብዬ እየነዳሁ፣ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ሳደርገው ደረቀና ያዘ። ወደ ቆላው የሚወስደውን ቁልቁለት ሳልሞክር ገብቼ ቢሆን ኖሮ… አላስበውም።

በጎቹን ከተብኩ፤ የቀረ የለም። አንድ አባወራ «ሴት ልጅ በሞተር መጥታ አዳነችን» ብለው እርጎ ሰጡኝ። ስመለስ ቸኮልኩ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቤት ለመግባት ስቸኩል የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ

አብረን አጠብነው። እሷ ታዛለች፣ እኔ እሠራለሁ። እስኪበርድ መጠበቅ። የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው አፍ በፌስታል ይታሰር። ውሃው በጣሳ፣ ቀስ ተብሎ፣ ሽቦዎቹን ሳይነካ። ካቴናው ጋ ስንደርስ እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ሰጠኋት፣ ኪሷ ከተተችው። ጎማውን በእጄ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጠረግሁ። እትዬ ሉባባ የከሰል ምድጃ ይዘው ሲመጡ «ወዲያ በይው እማ፣ ጋዝ አለ» ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ ዘይት ቀባሁት።

ስናደርቀው ነገረችኝ። የአሠሪዎቿ ልጆች ሞተር ነበራቸው፤ በየሳምንቱ የምታጥበው እሷ። ትልቁ ልጅ «ሞተሩ ሳይጠፋ ጥረጊው፣ ቶሎ ያልቃል» አላት። ጨርቁን ካቴናው ሳበው፣ እጇ ተከተለ። ሐኪም ያየችው ሲመሽ ነው። በሳምንቱ በአንድ እጇ አጠበች።

«ለእማ እንዳትነግሪያት» አለች። «ይህን ቤት ያሠራችው እኔ በላክሁት ገንዘብ ነው። ካወቀች ቤቱን ትጠላዋለች።»

ቅዳሜ

የሰዓዳ በር ተዘግቶ ዋለ። ምነው ባልሰማሁ? ወይስ ሰምቼ ዝም ማለቴ ነው የከፋት? ምን ማለት ነበረብኝ?

ከገበያ ስመለስ እትዬ ሉባባ ጠበቁኝ። «ትናንት ምን አወራችሁ?»

«ስለ ሞተር አጠባ» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ እናትና ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ሉባባ የሰዓዳን ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሳይሸፍኑት፣ የተቆረጡትን ጣቶች ይዳስሳሉ። ነግራቸዋለች። አልፌ ልገባ ስል ሰዓዳ ጠራችኝ።

«ነገ ከኋላሽ ሰው ትጭኛለሽ?»

«ወዴት?»

«የትም። ከመጣሁ ወዲህ ከግቢ አልወጣሁም።»

እናትየው ሊከለክሉ መስሎኝ አየኋቸው። «ቀስ ብለሽ ንጂ እንግዲህ» ብቻ አሉኝ።

ጠዋት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል። ዝናቡም አለ። ብቻዬን መሄድ እንደሆን ለምጄዋለሁ። ቢሆንም ወፍራሙን ጃኬቴን ከሻንጣ አውጥቼ ለእሷ እንዲሆን ደጅ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ንፋስ ይንካው።